በሳጥን ያሉ ሥዕሎችን ጠይቆ ማየት፦ የዋሽንግተኑ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ የወረቀት ስብስብ

በዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ካለው ሀብት የሚበዛው በግድግዳ ላይ አይታይም። በወረቀት ላይ የተሠሩት ሥራዎቹ፣ ማለትም ንድፎች፣ የጥበብ ሕትመቶችና የውሃ ቀለም ሥዕሎች፣ ቁጥራቸው ከ100,000 በላይ ሲሆን፣ ጥቂቶቹ ለተወሰኑ ወራት ለኤግዚቢሽን ከመውጣታቸው በቀር ሌሎቹ ዓመቱን ሙሉ በሳጥን ውስጥ ይቆያሉ። ይሁን እንጂ ማንም ሰው፣ ተማሪም ሆነ ሠራተኛ ወይም ጡረተኛ፣ አስቀድሞ ቀጠሮ ከያዘ በጋለሪው የሕትመትና የንድፍ ማጥኛ ክፍል ተቀምጦ የጀርመናዊውን ሠዓሊ የዱረርን ወይም የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የሬምብራንትን ሥራ መስታወት ሳይከልለው ከቅርብ ሊመለከት ይችላል። ለዚህ የሚከፈል ገንዘብ የለም። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ አማርኛ አንባቢዎች ይህ በር ለእነርሱም የተከፈተ መሆኑን አውቀው እንዲገቡበት ከልብ ስለምሻ፣ ሥራዎቹን ከመምረጥ ጀምሮ እስከ መመልከት ያለውን መንገድ ቀጥሎ አስረዳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለምን በሳጥን ይቀመጣሉ

ወረቀት ላይ ያረፈ ቀለም በብርሃን ይጎዳል፤ ጉዳቱም መመለሻ የለውም። በዘይት ቀለም ሥዕል ላይ ቀለሙ በቅባትና በቫርኒሽ የተሸፈነ በመሆኑ ብርሃንን በተሻለ ይቋቋማል፤ የውሃ ቀለም ግን እጅግ ስስ ሆኖ በወረቀቱ ገጽ ላይ ስለሚቀር በቀላሉ ይደበዝዛል። ሙዚየሞች የወረቀት ሥራ የሚታይበትን ብርሃን ወደ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ዝቅ የሚያደርጉትና ሥራውንም ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሳጥኑ መልሰው ለረጅም ጊዜ የሚያሳርፉት ለዚህ ነው። ጉዳቱ የሚጠራቀም በመሆኑ ደካማ ብርሃን በብዙ ወራት የሚያደርሰው ጉዳት ብርቱ ብርሃን በጥቂት ቀናት ከሚያደርሰው ጋር ሊተካከል ይችላል። በኤድንብራ የሚገኘው የስኮትላንድ ብሔራዊ ጋለሪ፣ ሄንሪ ቮን የተባለ ሰብሳቢ በኑዛዜ ያወረሰውንና በ1900 የተረከበውን 38 የእንግሊዛዊው ሠዓሊ የተርነር የውሃ ቀለም ሥዕሎች፣ የቀን ብርሃን እጅግ በሚደክምበት በጃንዋሪ ወር ብቻ የማሳየት ልማዱን ከመቶ ዓመት በላይ ጠብቋል። የሳጥኑ ጨለማ እነዚህን ሥራዎች ለእኛ ያደረሰ ስለሆነ፣ በማጥኛው ክፍል ውስጥ የሚጠየቁት ጥንቃቄዎች ሁሉ ከዚህ እንደሚመነጩ መረዳት ያስፈልጋል።

የዋሽንግተኑ ስብስብ መሠረቱን ያገኘው ከአንድ ሰው ነው። የሲርስ የንግድ ኩባንያ ሊቀ መንበር የነበረው ሌሲንግ ሮዘንዋልድ የሰበሰባቸውን ሕትመቶችና ንድፎች በ1943 ለጋለሪው መስጠት ጀመረ፤ ስጦታው በመጨረሻ ወደ 22,000 ደርሷል። ሥራዎቹ እርሱ በ1979 እስኪሞት ድረስ በፔንሲልቬንያ ቆይተው፣ ከዚያ በኋላ ወደ ዋሽንግተን መጡ። ይህን ታሪክ ማወቅ ለአመልካቹ በተግባር ይጠቅመዋል፤ ምክንያቱም የጋለሪው የመዝገብ ቁጥር የሚጀምረው ሥራው ወደ ስብስቡ በገባበት ዓመት ስለሆነ፣ በ1943.3 የሚጀምር ቁጥር ሲያዩ የሮዘንዋልድ የመጀመሪያ ስጦታ አካል መሆኑን ወዲያው ያውቃሉ።

መምረጥና መጠየቅ

ምርጫው ከቤት ይጀምራል። በጋለሪው ድረ ገጽ የስብስብ መፈለጊያ ላይ የሠዓሊውን ስም ወይም የሥራውን ዓይነት በእንግሊዝኛ ጽፈው ይፈልጉ፤ የባለቤትነት መብታቸው ጊዜ ያለፈባቸውን ሥራዎች ምስል በጥራት አውርዶ ማየት በነጻ ይቻላል። ምስሉ ግን የወረቀቱን ሸካራነት፣ የቀለሙን ውፍረትና የሥራውን ትክክለኛ መጠን ስለማይነግር፣ እንደ መምረጫ እንጂ እንደ መተኪያ አይውሰዱት። ለእያንዳንዱ የመረጡት ሥራ የሠዓሊውን ስም፣ ርእሱን፣ ዓመቱንና የመዝገብ ቁጥሩን በአንድ ገጽ ላይ ይጻፉ። ከሁሉ የሚያስፈልገው የመዝገብ ቁጥሩ ነው፤ የአንድ ሕትመት ብዙ ቅጂዎች በአንድ ስብስብ ውስጥ ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ርእሱ ብቻውን ለሠራተኛው የትኛውን እንደሚፈልጉ አይነግረውም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ብዙ እንዳይጠይቅ አጥብቄ እመክራለሁ። ስድስት ወይም ስምንት ወረቀት ለአንድ ቀጠሮ ይበቃል። ከእነዚህም ውስጥ ቢቻል ሁለቱ የአንድ ምስል ሁለት ቅጂዎች ይሁኑ፤ ሁለት ቅጂን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነታቸውን መፈለግ ዓይንን ከማናቸውም መጽሐፍ ይልቅ ፈጥኖ ያስተምራል። ሌሎቹን ደግሞ ከተለያየ ዘዴ ይምረጡ፦ አንድ በእንጨት የታተመ፣ አንድ በመዳብ የታተመ፣ አንድ በጠመኔ የተነደፈ፣ አንድ በውሃ ቀለም የተሠራ።

ጥያቄውን ከጉብኝቱ ቀን በርካታ ሳምንታት ቀደም ብለው ለማጥኛው ክፍል ይላኩ፤ አድራሻውና ወቅታዊው የመክፈቻ ሰዓት በድረ ገጹ ላይ ስለሚገኝ ከመጻፍዎ በፊት ያረጋግጡ። መልእክቱ አጭር ቢሆን ይመረጣል፤ ማን እንደሆኑ፣ የትኞቹን ሥራዎች ማየት እንደሚፈልጉና በየትኞቹ ቀናት ሊመጡ እንደሚችሉ ከገለጹ በቂ ነው። ምሁር መሆን ወይም የድጋፍ ደብዳቤ ማቅረብ ያስፈልጋል ብለው አይፍሩ፤ ሥዕልን መውደድና ማጥናት መፈለግ ሙሉ ምክንያት ነው። አንዳንድ ሥራ በኤግዚቢሽን ላይ፣ በውሰት ወይም በጥገና ላይ በመሆኑ፣ አንዳንዱም ለብርሃን ከመጠን በላይ ስስ በመሆኑ ሊከለከል ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ በዚያው ዘዴ የተሠራ ሌላ ሥራ እንዲጠቁሙዎ ይጠይቁ፤ የክፍሉ ሠራተኞች ስብስቡን በቅርብ ስለሚያውቁት ከራስዎ ምርጫ የተሻለ ነገር ሊያወጡልዎ ይችላሉ።

በቀጠሮው ቀን

መታወቂያ፣ እርሳስና ማስታወሻ ደብተር ይያዙ። እስክሪብቶ በክፍሉ ውስጥ አይፈቀድም፤ በወረቀት ላይ የወደቀ አንድ የቀለም ጠብታ አይነሳምና። የራስዎ አጉሊ መነጽር ካለዎ፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ዓይነት ይበቃል፤ ከሌለዎ ከክፍሉ ይጠይቁ። ቦርሳና ካፖርት ውጭ ይቀመጣሉ። እጅዎን በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ ክሬም አይቀቡ። አንገት ላይ የሚንጠለጠል መስቀል ወይም ሐብል ካለ ወደ ውስጥ ይግባ፤ ነጠላ ለብሰው የሚመጡ እናቶችም ጥለቱ በወረቀቱ ላይ እንዳይጎተት ከመቀመጣቸው በፊት አጣፍተው ቢያስሩት መልካም ነው።

ሥራዎቹ ብዙውን ጊዜ መካከሉ በተከፈተ ወፍራም ካርቶን ውስጥ ተይዘው ይቀርባሉ። ካርቶኑን በሁለት እጅ ከዳርና ከዳር ይያዙ እንጂ ወረቀቱን ራሱን አይንኩ። በእርሳስ ጫፍ ወደ ሥዕሉ አያመልክቱ፤ ደብተርዎንም በሥራው ላይ ሳይሆን በጎኑ ያኑሩ። ስለ ሥዕሉ ከጎረቤትዎ ጋር ሲነጋገሩ ፊትዎን ከወረቀቱ ዞር ያድርጉ፤ በተለይ ጠመኔና ከሰል ልቅ ዱቄት ስለሆኑ ትንፋሽም ሆነ ምራቅ ይጎዳቸዋል። ጀርባውን ማየት ከፈለጉ ሠራተኛውን ይጠይቁ። ፎቶግራፍ ማንሳት ከተፈቀደም ያለ ፍላሽ ነው።

ሕትመትን ማየት

የጥበብ ሕትመት የሌላ ሥዕል ግልባጭ አይደለም። ሠዓሊው ምስሉን በእንጨት፣ በመዳብ ወይም በድንጋይ ላይ ሠርቶ ከዚያ ወደ ወረቀት ያሳርፈዋል፤ ስለዚህ የሚወጣው እያንዳንዱ ቅጂ ዋና ሥራ ነው። በአዲስ አበባ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሕትመት ክፍል ያለፉ ይህን በእጃቸው ያውቁታል፤ ለሌላው አንባቢ ግን ዘዴዎቹን በዓይን መለየት መማር ቀዳሚው ሥራ ነው።

በእንጨት ይጀምሩ። ቀራጩ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈለገውን ሁሉ ከእንጨቱ ላይ ያነሳና መስመሩን ከፍ አድርጎ ይተዋል፤ ቀለሙ የሚያርፈው በዚህ ከፍታ ላይ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ መስመሩ ወደ ወረቀቱ ሰርጎ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም ቀለሙ ወደ መስመሩ ዳር ተገፍቶ ስስ ጥቁር ጠርዝ ይሠራል። የአልብሬክት ዱረርን የ1515 አውራሪስ ይጠይቁ። ዱረር እንስሳውን በዓይኑ አላየውም፤ ከሕንድ ወደ ሊዝበን ስለመጣው አውራሪስ በደረሰው መግለጫና ንድፍ ላይ ተመሥርቶ ሠራው፤ በጀርባው ላይ ትንሽ ተጨማሪ ቀንድ የጨመረውም ለዚህ ነው። እንጨቱ ለብዙ ዓመታት ሲታተምበት ስለኖረ፣ ዘግየት ባሉት ቅጂዎች ላይ መስመሮቹ ተሰባብረው፣ የእንጨቱ ስንጥቅም በእንስሳው እግሮች ላይ እንደ ነጭ ጭረት ሲያልፍ ይታያል። የምስሉን የዕድሜ ጊዜ የሚናገረው ይህ ጉዳት ነው።

መዳብ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቀለሙ የሚገባው በተቆፈረው መስመር ውስጥ ሲሆን፣ እርጥብ ወረቀት በብርቱ ጫና ሲታተምበት ቀለሙን ከጉድጓዱ ስቦ ያወጣዋል። በምስሉ ዙሪያ የመዳቡ ጠርዝ የተጫነበት አራት ማዕዘን ምልክት መኖር አለመኖሩን ስለዚህ በመጀመሪያ ይፈልጉ። ከዚያ የመስመሩን ጫፍ ያጥኑ። በመቅረጫ ብረት ተገፍቶ የተቆፈረ መስመር ቀጥኖ ይጀምርና ወፍሮ፣ እንደገና ሹል ሆኖ ያልቃል፤ በአሲድ የተበላ መስመር ግን ውፍረቱ ያው ሆኖ ጫፉ ደንዝዞ ይቆማል፤ ሠዓሊው በሰም የተቀባውን መዳብ በመርፌ ብቻ ስለሚጭረውም እጁ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። ለመጀመሪያው የዱረርን የ1514 ሜላንኮሊያ ይመልከቱ፤ በግድግዳው ላይ ያለው የቁጥር ሰንጠረዥ የታችኛው ረድፍ 15 እና 14 የሚሉትን ጎን ለጎን ይዞ ዓመቱን ይናገራል፤ የሴቲቱ ቀሚስ እጥፋት የመቅረጫው ብረት ምን ያህል እንደሚታዘዝ ያሳያል። ለሁለተኛው ማንኛውም የሬምብራንት የመንገድ ዳር ሰው ወይም የገጠር ምስል ይሆናል።

ሦስተኛው የመዳብ ዘዴ ድራይፖይንት ሲሆን፣ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ነው። አሲድ የለውም፤ ሹል መርፌ መዳቡን ሲጭር፣ ማረሻ ትልም ሲያወጣ አፈሩን በጎን እንደሚያነሳው ሁሉ፣ የተነሳው ብረት በመስመሩ ዳር ይቆማል። ይህ ጠርዝ ተጨማሪ ቀለም ስለሚይዝ መስመሩ እንደ ከፋይ ለስልሶና ጠቁሮ ይታተማል። ነገር ግን በማተሚያው ጫና ቶሎ ስለሚተኛ፣ ከጥቂት ደርዘን ቅጂ በኋላ ልስላሴው ጠፍቶ ደረቅ መስመር ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በድራይፖይንት ሁለት ቅጂ ማወዳደር ከምንም በላይ ይጠቅማል።

ለማወዳደሪያ የሬምብራንትን የ1653 ሦስቱ መስቀሎች እንዲጠይቁ እመክራለሁ። ሠዓሊዎች መዳባቸውን ካተሙበት በኋላ እየለወጡ እንደገና ስለሚያትሙ፣ እያንዳንዱ ለውጥ በካታሎግ እንደ አንድ እርከን ይቆጠራል። በዚህ ሥራ የመጀመሪያ እርከኖች ላይ ከሰማይ የሚወርደው ብርሃን መስቀሎቹንና በሥራቸው ያለውን ሕዝብ ሁሉ ይገልጣል፤ ተንበርክኮ የሚታየው የመቶ አለቃም በግልጽ ይለያል። በአራተኛው እርከን ግን ሬምብራንት ብዙውን ምስል ፍቆ አጠፋ፤ ረጅም ባርኔጣ ያደረገ ፈረሰኛ አስገባ፤ ከዳርና ከዳርም በሰፊ ጥቁር ጭረት ጋረደው። ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት በምድር ላይ ሆነ የተባለው ጨለማ ሲወርድ የምናይ ያህል ነው። በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ደግሞ መዳቡን ሲያትም ቀለሙን እንዴት እንደጠረገ ይመልከቱ፤ በአንዱ ላይ ንጹሕ አድርጎ ጠርጎታል፣ በሌላው ላይ ስስ የቀለም ጭጋግ ትቷል። አንዳንዱን በወረቀት፣ አንዳንዱን በብራና ላይ አትሟል፤ ብራናው ቀለሙን ስለማይመጥ መስመሩ ይለሰልሳል።

የአሜሪካዊቷ ሠዓሊ የሜሪ ካሳት የ1890 እና የ1891 አሥር የቀለም ሕትመቶች ለቀለም ጥናት የተሻሉ ናቸው። በፓሪስ በ1890 የተደረገውን ታላቅ የጃፓን ሕትመቶች ኤግዚቢሽን ካየች በኋላ፣ መስመሩን በድራይፖይንት፣ የቀለሙን ሜዳ ደግሞ በአኳቲንት ሠራች። በአኳቲንት የሙጫ ዱቄት በመዳቡ ላይ ተነስንሶ በሙቀት ይጣበቅና አሲዱ በቅንጣቶቹ መካከል ይበላል፤ በአጉሊ መነጽር የሚታየው ጥቃቅን መረብ የዚያ ምልክት ነው። ለአንድ ምስል ከአንድ በላይ መዳብ ስለተጠቀመች፣ ቀለሞቹ በሚገናኙበት ዳር ላይ ያለውን ትንሽ መዛነፍ ይፈልጉ። ሁለት ቅጂ አንድ ዓይነት ቀለም ላይኖራቸው ይችላል፤ መዳቡን በእጅ እየቀቡ ከአታሚው ጋር እያንዳንዳቸውን ወደ ሃያ አምስት ቅጂ ብቻ አትመዋል። ከዘመናችን ደግሞ በ1970 በአዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ መህረቱ አኳቲንትን እጅግ ወደ ሰፊ መጠን አድርሳዋለች፤ ስለ ደማስቆ የሠራችው ባለ ስድስት ክፍል የ2016 ሕትመቷ ፎቶግራፍንና የእጅ ምልክትን በመዳብ ላይ ያገናኘ ነው።

በድንጋይ የሚታተመው ሊቶግራፍ ከ1790ዎቹ መጨረሻ የአሎይስ ሰነፈልደር ግኝት ጀምሮ የመጣ ሲሆን፣ ቅባትና ውሃ ባለመቀላቀላቸው ላይ የቆመ ነው። የመዳብ ጠርዝ ምልክት የለውም፤ መስመሩም አይሰርግም፣ አይነሳምም። እኩል ርቀት ያላቸው ክብ ነጠብጣቦች ካዩ ግን የያዙት በማሽን የተባዛ ምስል ነው።

ንድፍና የውሃ ቀለም

በንድፍ ላይ ሠዓሊው ያረመውን መስመር ይፈልጉ፤ ሁለት ጊዜ የተሠራ ክንድ፣ የተሻረ ጭንቅላት፣ ቀጥሎም ወደ ትልቅ ሥዕል ለማስተላለፍ የተሠመረ የካሬ መረብ ወይም በመርፌ የተወጋ የነጥብ ረድፍ። ቡናማ የሚመስለው የጽሕፈት ቀለም በብዙ ንድፎች ላይ መጀመሪያ ጠቆር ያለ ነበር፤ ከኦክ ዛፍ እብጠትና ከብረት ጨው የሚሠራው ቀለም ከጊዜ ጋር ቡናማ ይሆናል፤ ከባሰም ወረቀቱን በልቶ ይቦድሰዋል። በዳር ወይም በጀርባ የሚገኙ ትንንሽ ማኅተሞች የቀድሞ ባለቤቶች ምልክት ስለሆኑ ቅርጻቸውን በደብተርዎ ይቅዱ፤ ፍሪትስ ሉክት በ1921 ባሳተመው የማኅተሞች መዝገብ፣ አሁን በኢንተርኔትም በሚገኘው፣ ባለቤቱን ማግኘት ይቻላል።

የውሃ ቀለምን ለማየት አሜሪካዊውን ሠዓሊ ዊንስሎ ሆመርን ይምረጡ፤ ጋለሪው ሠዓሊው በ1903 የሠራውን፣ መልሕቅ ሲነሳ የሚያሳየውን የኪ ዌስት ሥዕል ይዟል። መጀመሪያ ነጩን ይከተሉ፦ በውሃ ቀለም ብሩሁ ነጭ በአብዛኛው ሳይቀባ የተተወ ወረቀት ነው፤ ሆመር አንዳንድ ጊዜ የደረቀውን ቀለም በቢላ ፍቆ ነጩን መልሶ ያወጣ ነበር። ቀጥሎ የቀለሙን ቅደም ተከተል ይገምቱ፤ ከእርጥብ ላይ እርጥብ የተቀባው ዳሩ ይሟሟል፣ ከደረቀ በኋላ የተቀባው ጥርት ብሎ ይቆማል። በመጨረሻም የጠፋውን ቀለም ይጠርጥሩ። በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ያሉ የጥገና ባለሙያዎች የሆመርን የ1887 የገበሬ ልጅ ሥዕል ሲመረምሩ፣ ዛሬ ባዶ የሚመስለው ሰማይ የጀንበር መጥለቂያ ቀይና ብርቱካናማ ቀለም እንደነበረው ከቀሩት ጥቃቅን ቅንጣቶች አውቀዋል። ስለዚህ ባዶ ሰማይ ሲያዩ፣ ከካርቶኑ ጠርዝ ሥር ብርሃን ሳያገኘው የቆየ ቀለም እንዳለ ሠራተኛውን ይጠይቁ።

አንድ ማሳሰቢያ ለእኛ ይበልጥ የሚያስፈልግ አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ስለ አገራችን የታተሙ ብዙ ሥዕሎች የውሃ ቀለም ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ1805 አክሱም ደርሶ የነደፈው የሐውልቱ ምስል በ1809 ለንደን ውስጥ የታተመው በአኳቲንት ሲሆን፣ ቀለሙ ከሕትመቱ በኋላ በእጅ የተቀባ ነው። በጥላው ላይ የአኳቲንቱን መረብ፣ በዙሪያው የመዳቡን ጠርዝ ካገኙ፣ ከሥር ሕትመት መኖሩን ያውቃሉ። እንዲህ ዓይነቱን ሥራ በሽያጭ የሚያገኝ ሰው የውሃ ቀለም ተብሎ ከመክፈሉ በፊት ይህን ሊመረምር ይገባዋል።

ማስታወሻዎን በቦታው ሳሉ ይጻፉ፤ ቢቻልም አንድ ዝርዝር በእርሳስ ይንደፉ፤ እጅ የሚከተለውን ዓይን አያልፈውም። የመዝገብ ቁጥሩን ከእያንዳንዱ ማስታወሻ ራስ ላይ ያስፍሩ፤ በሁለተኛው ቀጠሮ ያንኑ ወረቀት እንደገና መጠየቅ የሚቻለው በእርሱ ነው። በጋለሪው ያላገኙትን ሕትመት በካፒቶል ኮረብታ ባለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሕትመትና ፎቶግራፍ ክፍል ሊፈልጉት ይችላሉ፤ ለዚያ የሚያስፈልገው የአንባቢ ካርድ በመታወቂያ በነጻ ይሰጣል።